አጥንት የማያቆይ አፈር

በአዊ ደጋ፣ በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ የሞተ በቅሎ አጥንት ብዙ ክረምት አይሻገርም። ጅብና ውሻ የተዉትን ዝናቡ ይረከባል፤ ዝናቡ ያለሰለሰውን አፈሩ ይጨርሰዋል። የአንከሻ ጓጉሳ መሬት ቀይና ጥልቅ ነው። በየክረምቱ የሚወርደው ውኃ ካልሲየሙንና ሌላውን ማዕድን ለዘመናት እያጠበ ወደ ወንዝ ስለወሰደበት አሲድነቱ ከፍ ያለ ነው። ገብሱ የቀጨጨበት ገበሬ ኖራ በጆንያ ተሸክሞ ማሳው ላይ የሚበትነው፣ ሌላውም መሬቱን ለዲከረንስ ዛፍ ሰጥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰል የሚያከስለው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው አሲድ ነው። አጥንት ደግሞ በአብዛኛው ካልሲየምና ፎስፌት ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ይሟሟል። ሰብሉን የሚያቀጭጨው አፈር አጥንቱንም አያስተርፍም።

ስለዚህ በአዊ ደጋ ላይ ቆሞ «ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት እዚህ ምን ይግጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱን ከእግር ሥር ቆፍሮ ማውጣት ግን ከባድ ነው። አጥንት ድንጋይ ሆኖ እንዲቆይ፣ እንስሳው እንደሞተ ደለል ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ፈጥኖ ሊያለብሰው ይገባል። ደለሉም ማዕድን የሞላበት መሆን አለበት። ኋላም መሬቱ ተሰንጥቆ ወይም ጎርፍ ሸርሽሮት የተቀበረውን ሊገልጥ ያስፈልጋል። አፋር፣ ኦሞና ኮንሶ ይህ ሁሉ ተሟልቶላቸዋል። ደጋው ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን ሲሰጥ እንጂ ሲያከማች አልኖረም፤ የሰጠውንም ዓባይ ተሸክሞ ሱዳንና ግብፅ አድርሶታል። የደጋውን ጥንታዊ አየር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዙሪያውን መሄድ አለበት፤ ወደ ቆላው፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ተራራው። በየደረሰበት የሚመሰክሩለት ደግሞ ሰኮና ያላቸው እንስሳት ናቸው።

ሰኮና ለአዊ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ፈረሰኛ ከየወረዳው ይጎርፋል። ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዳንግላ፣ ከጓንጓ የመጣው ፈረስ በጌጠኛ ልጓምና በባለ ዘርፍ ኮርቻ አጊጦ ሜዳውን ይሞላዋል። ግልቢያው ሲጀመር ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በእግር ይሰማል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። የሰው ጀግንነት ሲወሳ የእንስሳው ድርሻ አብሮ የሚወሳበት በዓል ብዙ የለንም፤ አዊዎች ይህን ጠብቀው ማቆየታቸው ሊመሰገን ይገባል።

ግልቢያው ሲያበቃ ፈረሱን ቀርቦ ማየት ነው። ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በእያንዳንዱ እግር በአንድ ጣት ጥፍር ላይ ነው። ግራና ቀኝ የነበሩት ጣቶች ጠፍተው፣ ከቆዳው ሥር በእግሩ አጥንት ላይ የተለጠፉ ሁለት ቀጫጭን ስንጥሮች ብቻ ቀርተዋል። አፉን ከፍቶ ዕድሜውን የሚያነብ ነጋዴ የሚያየው ጥርስ ደግሞ ከድዱ በላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው። ብዙው መንጋጋው ውስጥ ተቀብሮ፣ ላዩ በተፋቀ ቁጥር ከሥር እየተገፋ ይወጣል። አንድ ጣት ለደረቅና ጠጣር ሜዳ ነው፤ ረጅም ጥርስ ደግሞ አሸዋና አቧራ ለተቀላቀለበት ሣር። ከአገራችን ዝናባማ አካባቢዎች በአንዱ የሚጋልበው ይህ እንስሳ በአካሉ ተሸክሞት የሚዞረው የደረቅ ሜዳን ታሪክ ነው። ፈረስ ራሱ ለማዳ የሆነው ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት በቮልጋና በዶን ወንዞች አካባቢ ባለው የሣር ምድር ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከሰው ጋር ነው። ዘመዶቹ ግን ከእርሱ ቀድመው በዚህ አገር ሚሊዮን ዓመታትን ኖረዋል።

እነዚያ ዘመዶች የኖሩበትና ያለቁበት ዘመን በአብዛኛው ፕሌስቶሲን ይባላል፤ ከ2.58 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 11,700 ዓመት በፊት ድረስ ያለው ነው። በሰሜን የዓለም ክፍል ግዙፍ በረዶ እየገፋና እያፈገፈገ የተመላለሰበት፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ ሐይቆች ሞልተው የደረቁበትና እንደገና የሞሉበት ዘመን ነው።

አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገባ ሰው በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ይወርዳል። ይገባታል። ነገር ግን ለአንድ የሰው ዘር ቁራጭ አጥንት በአፋር ሜዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቆርኬ፣ የአሳማ፣ የጉማሬና የፈረስ ዘመዶች ጥርሶች ይለቀማሉ። እነዚህ በየመሳቢያው ተለይተውና ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፤ ጎብኚ ብዙም አያያቸውም። የጥንቱ ሰው ምን ዓይነት ሰማይ ሥር እንደኖረ፣ ጥላ ነበረው ወይስ አልነበረው፣ ውኃ ይርቀው ነበር ወይስ ይቀርበው፣ ይህን ሁሉ የሚነግሩን ግን እነርሱ ናቸው። የሰውን ቅል ብቻ አሳይቶ መሳቢያውን መዝጋት ታሪኩን በግማሽ መተው ነው ብዬ አምናለሁ።

እንስሳቱን ለመለየት የሚያገለግለው የመጀመሪያው ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። በኦሪቱ ሕግ ያደገ ሰው ሰኮናው የተሰነጠቀውን ካልተሰነጠቀው፣ የሚያመሰኳውን ከማያመሰኳው ከልጅነቱ ይለያል። የእንስሳት ሳይንስም ትልቁን መስመር የሚያሰምረው እዚያው ላይ ነው። በአንድ ወገን ክብደታቸው በመካከለኛው ጣት ላይ የሚያርፍ አሉ፤ ፈረስ፣ አህያ፣ የሜዳ አህያና አውራሪስ። በሌላው ወገን ክብደታቸው በሁለት ጣቶች መካከል የሚከፈል አሉ፤ በሬ፣ በግ፣ ድኩላ፣ ቆርኬ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ። አሳማና ጉማሬም ከእነዚሁ ይቆጠራሉ፤ ሰኮናቸው ስንጥቅ ነው፣ ግን አያመሰኩም። ይህ ልዩነት በጥርስ፣ በቁርጭምጭሚትና በእግር አጥንት ላይ ስለሚታይ፣ የሠለጠነ ዓይን ከአውራ ጣት የማይበልጥ ስባሪ አንሥቶ ይህ የከርከሮ ወገን ነው፣ ያኛው የቆርኬ ወገን ነው ማለት ይችላል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ እንስሳው ምን በላ ነው። እዚህ ላይ የግምጃ ቤት ማሳ ራሱ ያስተምራል። ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጡበት መንገድ አንድ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ድንች፣ ባቄላና ዛፎች ሁሉ ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙቀትና ብርሃን ይወዳሉ፣ ከአየር የሚወስዱት ካርቦንም ከባዱን ዓይነት በርከት አድርጎ ይይዛል። የቆላ ሣር ከእነዚህ ጋር ነው። ቅጠልና ቁጥቋጦ ከሁለተኞቹ ጋር ነው። የበላው ነገር በእንስሳው የጥርስ ልባስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ልባሱም ከአጥንት እጅግ ስለሚጠነክር ሚሊዮን ዓመት ያልፍበታል። ተመራማሪው በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ዓይነት ጥቂት ዱቄት ይፍቅና ከባዱንና ቀላሉን ካርቦን ይመዝናል። ያ እንስሳ ሣር ጋጭ ነበር ወይስ ቅጠል ቀንጣቢ፣ መልሱ ከዚያ ይወጣል።

ኦክስጅንም የራሱ ምስክርነት አለው። ውኃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ስለሚውል ጥርሱ የወንዙን ውኃ ይመስላል። ቀጭኔ ግን ብዙውን ውኃ የምታገኘው ከቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ በደረቅ አየር ብዙ ውኃ ይተንበታል። የሁለቱ ጥርስ ልዩነት በሰፋ ቁጥር አየሩ ደረቅ እንደነበር ያሳያል። ጉማሬና ቀጭኔ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ሞተው ሲገኙ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የድርቀት መለኪያ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አሉን፤ ስማቸው ግን ከአጥንት አግኚዎቹ ስም ያነሰ ይሰማል። ዘላለም በዳሶ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ጥናት በአፋር አስቦሌ የተገኙ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው እንስሳትን ጥርስ በዚሁ መንገድ መርምሯል። ብዙዎቹ ሣር ጋጮች ነበሩ። በዚያው ስፍራ ግን የጉሬዛ ወገን ዝንጀሮዎችም ስለተገኙ ወንዙን ተከትሎ ዛፍ እንደነበር ይታወቃል። ሰፊ የሣር ሜዳ፣ በመካከሉ ቀጭን የዛፍ መስመር ማለት ነው። ዘላለም አሰፋ ደግሞ በድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አጥንቶች አንድ በአንድ ለይቶ፣ የድንጋይ ዘመን አዳኞች የትኛውን እንስሳ ወደ ዋሻቸው ያመጡ እንደነበር አሳይቷል።

ወደ ኋላ ርቀን እንሂድ። መካከለኛው አዋሽ፣ ቡሪ በሚባለው ስፍራ፣ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ የቆርኬ ወገን እንስሳ በሐይቅ ዳር ወድቋል። ስለታም ድንጋይ የያዘ ፍጡር መንጋጋውን ከውስጥ በኩል እየቆረጠ ምላሱን አውጥቷል። ከዚያም ሳይርቅ የሌላ እንስሳ እግር አጥንት መቅኒው እንዲወጣ ተሰብሯል፤ ባለ ሦስት ጣት ፈረስ ጭንም ላይ የስለት ጭረት ቀርቷል። ብርሃነ አስፋው፣ ቲም ዋይትና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያሳትሙ ዓለም የተደነቀው አብሮ በተገኘው የሰው ዘር፣ በአውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ነበር። እኔን ግን ያ ምላስ የወጣበት መንጋጋ ይበልጥ ያስደንቀኛል። በማንኛውም የኢትዮጵያ ቤት በሬ ሲታረድ ምላሱ ለብቻው ይነሣል፤ ያን የሚያደርግ እጅ ቢላዋውን የሚያስገባበት ቦታ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው እምብዛም አልራቀም።

አሳማዎች ደግሞ የጊዜ መለኪያ ሆነው አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 በኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ፣ የተገኘ አንድ የሰው ዘር ቅል ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው ተብሎ ነበር፤ የላዩን የአመድ ንጣፍ የመረመረው ቤተ ሙከራ ያን ቁጥር ሰጥቶ ስለነበር ነው። ባዚል ኩክ የተባለው የአሳማ ቅሪተ አካል ሊቅ ግን አልተስማማም። በኢትዮጵያ ኦሞ ሸለቆ፣ በደንብ ዕድሜያቸው በታወቀ ንጣፎች ውስጥ፣ የአሳማ መንጋጋ ጥርስ ከዘመን ዘመን እየረዘመ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ተመዝግቦ ነበር። የኬንያው ቅል አካባቢ የተገኙት አሳማዎች በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካላቸው ጋር አንድ ነበሩ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ የአመዱ ምርመራ ተደግሞ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወጣ፤ የኦሞ አሳማዎች ትክክል ነበሩ። የጥርሳቸው መርዘም ራሱ የአየር ለውጥ ምልክት ነው፤ ሣር በሰፋ ቁጥር አሳማውም እንደ ፈረሱ ለሣር የሚሆን ጥርስ አበጅቷል።

ያ መስፋፋት ድንገት መጣ ወይስ ቀስ በቀስ? ኤልሳቤት ቨርባ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአፍሪካ ከቆርኬና ከድኩላ ወገኖች ተነሥታ፣ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዓለም ሲቀዘቅዝ ብዙ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ ጠፍተው ሌሎች ተተኩ ብላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የቱርካናና የኦሞን አጥንቶች የቆጠሩ ተመራማሪዎች ግን ለውጡ በሚሊዮን ዓመት ውስጥ ተዘርግቶ አገኙት። ለእኔ የኋለኛው ይበልጥ አሳማኝ ነው። ፈረሶቹም ያንኑ ይላሉ፤ ባለ አንድ ጣቶቹ ከ2.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦሞ ሲደርሱ ባለ ሦስት ጣቶቹ ወዲያው አልጠፉም። ሁለቱ ከሚሊዮን ዓመት በላይ በአንድ ሜዳ ጎን ለጎን ግጠዋል።

እስካሁን ያየነው ቆላውን ነው። በደጋ አጥንት የተረፈበት አንድ ታላቅ ስፍራ ግን አለን፤ መልካ ቁንጥሬ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በላይኛው አዋሽ ዳር፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። አጥንቱን ያዳነው በዙሪያው ያሉት እሳተ ገሞራዎች በየጊዜው የረጩት አመድ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1963 ከታወቀ በኋላ ፈረንሳዮቹ በዣን ሻቫዮን፣ ኋላም ጣሊያኖቹ በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ቆፍረውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የጭቃ ወለል ላይ የጉማሬና የሌሎች እንስሳት ኮቴ፣ የአዋቂ ሰው እግር፣ ገና በቅጡ መሄድ ያልጀመሩ ሕፃናት እግርም ታትሞ ተገኝቷል። አዋቂዎቹ እዚያው ድንጋይ ይጠርባሉ፣ የጉማሬ ሥጋ ይበልታሉ፤ ልጆቹም አብረዋቸው ናቸው። በቦታው የተገኘው የአበባ ብናኝ የደጋ ዛፍና ቁጥቋጦ ሲያሳይ፣ እንስሳቱ ደግሞ ሣር ጋጭ የሆኑ የቆርኬ ወገኖች፣ ፈረሶችና ጉማሬዎች ናቸው። ተራራው ጫካ፣ የወንዙ ሜዳ ሣር ነበር ማለት ነው። የደጋው ኢትዮጵያ በፕሌስቶሲን ምን ይመስል እንደነበር የምናይበት ከዚህ የተሻለ መስኮት የለንም።

ስለ ግዙፎቹም ሳላነሣ አላልፍም። በኮንሶ የተገኙት ንጣፎች ከ1.9 እስከ 0.8 ሚሊዮን ዓመት ያሉ ሲሆኑ ከዛሬው ጎሽ እጅግ የሚበልጡ፣ ቀንዳቸው እንደ ሁለት ክንፍ የተዘረጋ የጎሽ ዘመዶች ኖረውባቸዋል። በዚያው ስፍራ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው፣ ከጉማሬ ጭን አጥንት ተጠርቦ የተሠራ የእጅ መጥረቢያ ተገኝቷል፤ ዮናስ በየነና ጃፓናውያን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳውቀውታል። እነዚያ ግዙፎች ለምን አለቁ ሲባል ብዙ ሰው ጣቱን ወደ አዳኙ ሰው ይቀስራል። ታይለር ፌይዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ግን የምሥራቅ አፍሪካ ግዙፍ ሣርና ቅጠል በሎች መመናመን የጀመሩት ከ4.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰው መሣሪያ ሳይዝ እንደሆነ አሳይቷል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ዛፍና ቁጥቋጦ ተሸነፈ፣ የቆላ ሣር ሰፋ፣ ቅጠል የሚመገቡት ግዙፎች መኖሪያ አጡ።

ከካርቦኑ ሌላ ዝናቡም ይመላለሳል፤ እርሱን የሚያመላልሰው ዋናው ነገር ከፀሐይ የሚደርሰን ብርሃን ነው። ምድር እንደሚሽከረከር እንዝርት ዛቢያዋን ቀስ ብላ ታዞራለች፤ አንድ ዙር ከ20,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚያ ዙር ውስጥ የእኛ ክረምት ጠንከር ያለ ፀሐይ ሲያገኝ ዝናቡ ይበረታል፣ ሲያጣ ይደክማል። በጨው ባሕር፣ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አሥራት ጋር የሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ከ280 ሜትር በላይ ጥልቀት የደለል ዓምድ ቆፍሮ አውጥቷል። ዓምዱ 620,000 ዓመት ያህል ይዟል። በውስጡ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ የቆየ ዘመን፣ ከዚያም እየተፈራረቀ የሚዋዥቅ ዘመን፣ በመጨረሻም ደረቅ እየሆነ የሄደ ዘመን ይታያል። የአስቦሌ ሣር ጋጮች ጥርስ ውስጥ ያለው ታሪክ ከዚህ ጭቃ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ሙሉ ይሆናል።

ወደ አዊ እንመለስ፤ ከደጋው ወደ ሰሜን ምዕራብ እየወረዱ የመተማ ቆላ ላይ መድረስ ነው። ሽንፋ ወንዝ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ወራጁ ይቋረጥና እዚህና እዚያ ኩሬ ብቻ ይቀራል። ከ74,000 ዓመት በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ሰዎች ሰፍረው ነበር። እሳት ያነዳሉ፣ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ይሠራሉ፤ ጫፎቹ ከማነሳቸው የተነሣ የቀስት ሳይሆኑ አይቀሩም። አጥንቶቹ ላይ የስለት ጭረት አለ፤ ከድኩላ ወገን እስከ ዝንጀሮ ያገኙትን ሁሉ አድነዋል። በዚያው ንጣፍ ውስጥ ከሰው ፀጉር የሚቀጥኑ የመስታወት ብናኞች ተገኙ። በኬሚካል ሲመረመሩ ከሱማትራ ደሴት፣ ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው። ቶባ ባለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ከታዩት ፍንዳታዎች ከታላላቆቹ አንዱ ነው፤ የሰው ልጅ በእርሱ የተነሣ ሊያልቅ ቀርቦ ነበር የሚሉም ነበሩ።

በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተመው ውጤት ግን ሌላ ነው። የእንስሳቱ ጥርስና የሰጎን እንቁላል ቅርፊት የያዘው ኦክስጅን በዚያ ዘመን በጋው በጣም ረጅም እንደነበር ይናገራል። ከፍንዳታው በኋላ ድርቀቱ ሲበረታ ሰዎቹ አልጠፉም። የምድር እንስሳ ሲቀንስ ወደ ኩሬው ዞሩ፤ በተሰበሰበው ቆሻሻ ውስጥ የዓሣ አጥንት ድርሻ ጨመረ። ኩሬው በጠበበ መጠን ዓሣው ለመያዝ ይቀላል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ ከአፍሪካ የወጡት ሰዎች እንዲህ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሻገሩ፣ ወንዝ ተከትለው ሳይወጡ አልቀሩም ይላሉ። ይህ የሆነው ከግምጃ ቤት ደጋ በታች ባለው ቆላ፣ በአማራ ክልል ነው፤ በትምህርት ቤቶቻችን ገና ሲወራለት አልሰማሁም።

ቀጥሎ ጣና። ግልገል አባይ ከሰከላ ተነሥቶ በአዊ ጎን አልፎ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ የጣናን ብዙውን ውኃ የሚያመጣው እርሱ ነው። ሄንሪ ላም፣ ነፍሱን ይማርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር፣ እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው የሐይቁን ወለል ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጽሑፍ የሚያስደነግጥ ነው። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ወለል ጠንካራ ደረቅ ጭቃ፣ ዳርዳሩም የደንገል ረግረግ ነበር። በሰሜን አትላንቲክ በረዶ በሚቀልጥበት በዚያው ወቅት የእኛ ክረምት ደክሞ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅም አብሮ ደርቆ ነበር። ጣና እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በባሌ ተራሮች ደግሞ በበረዶው ዘመን ሙቀቱ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ጅብራ የበቀለበት ሸለቆ በረዶ ተኝቶበት ነበር።

እንግዲህ ግልገል አባይ ጣናን መሙላት ያቃተው ዘመን ላይ የአዊ ደጋ ምን ይመስል ነበር? ደኑ ወደ ሸለቆ እንደሸሸ፣ ሜዳው ቀዝቃዛና ሣራማ እንደነበር፣ ዛሬ ከደጋ የራቁ ሣር ጋጮች እዚህ ድረስ ሊወጡ ይችሉ እንደነበር መገመት ይቻላል። ለግምቱ የሚያግዝ ሕያው ምስክር ሰሜን ተራራ ላይ አለ። የዋልያ ወገን መሠረቱ ከአፍሪካ ውጭ ያለው የተራራ ፍየል ነው፤ የቅርብ ዘመዱ የቀይ ባሕርን ተራሮች፣ ሲናይንና ዓረቢያን ይዞ የሚኖረው የኑቢያ ፍየል ነው። አየሩ በቀዘቀዘበት ዘመን አባቶቹ ወደ ደቡብ ደርሰው፣ ሲሞቅ ወደ ላይ እየሸሹ በገደል ላይ ቀሩ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክና አካባቢው ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የሚሸሽበት ተራራ የለውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋው ሊያበረክት የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከመሬት ቁፋሮ ጋር አይገናኝም። ከላይ የተናገርኩት የካርቦን መለኪያ በቆላ ጥሩ ሲሠራ በደጋ ይቸገራል። ከፍ ባለና ቀዝቃዛ ቦታ የሚበቅለው ሣር ራሱ እንደ ገብስ ያለ ካርቦን ስለሚይዝ፣ ሣር የጋጠ ፈረስ ቅጠል የበላ ሊመስል ይችላል። ድንበሩ የት እንደሆነ የሚታወቀው ዛሬ በሚኖሩ፣ ኑሯቸው በታወቀ እንስሳት ጥርስ ነው። ለዚህ ከአዊ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም፤ ፈረሱ ከነትውልዱ የሚታወቅበት፣ ባለቤቱ የተወለደበትን ወር፣ የበላውን ድርቆሽና የጠጣበትን ምንጭ ቆጥሮ የሚናገርበት አገር ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ተማሪዎች ከፈረሰኞቹ ማኅበር ጋር ተስማምተው፣ በዕድሜው የሞተ ፈረስ መንጋጋ ታጥቦ፣ ቁጥርና ታሪኩ ተጽፎለት እንዲቀመጥ ቢያደርጉ፣ ከግምጃ ቤት፣ ከዳንግላና ከቆላማው ጓንጓ የተሰበሰቡት ጎን ለጎን ቢመረመሩ፣ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ የሣሩ ካርቦን እንደሚለወጥ ቁጥሩ ይወጣል። ያ ቁጥር በእጅ ካለ የመልካ ቁንጥሬ ፈረሶች ከ700,000 ዓመት በፊት የጋጡት የቆላ ሣር ይሁን የውርጭ ሣር መለየት ይቻላል።